ትምህርት 14፦ በደረቅ ምድር የተከበበ ደሴት
(የጉዞ ድርሰትና የምክንያት አገላለጽ)

ሀ. መግቢያ

የጉዞ ድርሰት አንድ ሰው ሄዶ ያየውን ቦታ ላላየው አንባቢ የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ «ዛፍ አየሁ፤ ወንዝ አየሁ፤ ጦጣ አየሁ» እያለ ያየውን ሁሉ ይደረድራል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ዝርዝር እንጂ ድርሰት አይባልም። መልካም ጸሐፊ ግን የታየው ነገር ለምን እንደዚያ እንደ ሆነና ምን ውጤት እንደሚያስከትል ጨምሮ ይገልጻል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ «ስለ»፣ «ስለዚህ» እና «የተነሣ» የሚሉትን ቃላት ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

ጀልዴሳ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኝ የቆላ መንደር ናት። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ የሚያርፍባት ታዋቂ ጣቢያ ነበረች። በአካባቢው ግራርና ቁጥቋጦ እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ደን አይታይም። በዚህ አገር ያደገ ሰው የውሃን ዋጋ ያውቃል። እናንተም ከዚህች መንደር ተነሥታችሁ የሐረናን ደን ለመጎብኘት ወደ ባሌ ተጓዛችሁ እንበል።

ከጎባ ከተማ ወደ ደቡብ ስትወጡ መንገዱ ወደ ሳነቴ አምባ ያደርሳችኋል። የአምባው ከፍታ እስከ 4,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በሜዳው ላይ ጅብራ ቆሞ፣ ቀይ ቀበሮም ዐይጥ ሲያድን ታያላችሁ። በስተምዕራብ በኩል የባሌ ተራሮች ሁሉ የበላይ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ሁሉ ምድር ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ በወጣ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ነው።

ከአምባው ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ምድሩ በድንገት ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ የምታገኙት አስታ ነው። ከጉሙ ብዛት የተነሣ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ያለው ዛፍ እንኳ ተሰውሮ፣ ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽበት የተንጠለጠለው ነገር ብቻ ይታያል። ዝቅ ስትሉ ቀርቀሃ ትገባላችሁ፤ በዚያም ዋና ምግቡ የቀርቀሃ ቅጠል የሆነው የባሌ ጦጣ ይኖራል። ቀጥሎ ዝግባ፣ ከእርሱም በታች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሰው ያልተከለው የጫካ ቡና ይገኛል። በዛፎቹ ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉት ቀፎዎች የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ቡና ምድር ወረዳችሁ ማለት ነው።

ይህ ደን በደረቅ ቆላ አጠገብ እንዴት ሊበቅል ቻለ? ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ደመናና ወደ ዝናብ ይለወጣል። የዛፎቹ ቅጠልና የረገፈው ብስባሽ አፈሩን ስለሸፈነው ዝናቡ በኃይል አይመታውም፤ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ምንጮቹ ይፈልቃሉ። ዌብና ገናሌን የመሳሰሉት ወንዞች ከባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ውሃ ተቀብለው ርቆ ወደሚገኘው የሶማሌ ቆላ ይወርዳሉ። ደኑን አይቶት የማያውቅ ግመል ጠባቂ የደኑን ውሃ ይጠጣል።

ደሴት ሲባል በባሕር የተከበበ ምድር ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ሬዩኒዮን ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት ስትሆን፣ በተራሮቿ ላይ የሚገኘው ደን በብሔራዊ ፓርክነት ይጠበቃል። የባሌ ተራሮችም በውሃ ፈንታ በሞቃትና በደረቅ ምድር የተከበቡ ደሴት ናቸው ለማለት ይቻላል። ደሴት ላይ ያለ ፍጡር መሸሻ የለውም፤ የባሌ ጦጣም ቀርቀሃው ቢመነጠር ቆላውን አቋርጦ ሌላ ደን ሊፈልግ አይችልም።

በዚህ ምክንያት የባሌ ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ተከለሉ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ሆኖም መከለል ብቻውን አይበቃም። በ1992 ዓ.ም. በባሌ ደኖች ላይ ከባድ ቃጠሎ ደርሷል፤ ለእርሻ የሚደረገው ምንጣሮና ልቅ ግጦሽም ደኑን ይጎዱታል። በደኑ ውስጥና በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ልጆቹን ማብላት አለበት። ማርና የጫካ ቡና የሚያስገኙለት ገቢ ግን ዛፉ ቆሞ ሲቀር የሚገኝ ጥቅም ነው።

አሁን ወደ አገራችሁ ተመለሱ። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ ከባድ ነበር። ተራሮቹም በአብዛኛው ስለተራቆቱ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው አልነበረም። በሐረና ወደ ምንጭነት የሚለወጠው ዝናብ በተራቆተ ተራራ ላይ ጎርፍ ይሆናል።

ሐ. የቃላት ፍች

ሲራራ — ሸቀጥ በጋማ ከብት ወይም በግመል ጭኖ በአንድነት የሚጓዝ ነጋዴ
አምባ — አናቱ ሜዳ የሆነ ከፍተኛ ቦታ
ጅብራ — በብርዳም ደጋ የሚበቅል፣ ቅጠሉ በአናቱ ላይ የሚከማች ረጅም ተክል
ብስባሽ — ረግፎ የበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል
ምንጣሮ — ዛፍን ቆርጦና ነቅሎ መሬትን ማራቆት

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትን የሚገልጹ ቃላት

1. «ስለ» በስም ላይ ሲገባ ነገሩ የሚነገርለትን ጉዳይ ያመለክታል፤ ምሳሌ፦ ስለ ደን ጻፈች። በግሥ ላይ ሲገባ ግን ምክንያትን ይገልጻል፤ ምሳሌ፦ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ደመና ይለወጣል።
2. «የተነሣ» «ከ»ን አስቀድሞ ከስም ጋር ይነገራል፤ ምሳሌ፦ ከጉሙ ብዛት የተነሣ።
3. «ስለዚህ» ምክንያቱ በፊተኛው ዓረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው የኋለኛው ምክንያት ነው አይባልም። አንድ ውጤትም ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምንባቡ ለጎርፉ ሁለት ምክንያቶችን የጠቀሰው ስለዚህ ነው።

ሠ. መልመጃ

1. የባሌ ተራሮች በደሴት የተመሰሉት ለምንድን ነው?
2. ከሳነቴ እስከ ጫካ ቡናው ድረስ የተጠቀሱትን ዕፅዋት በቅደም ተከተል ጻፉ።
3. «ደኑን አይቶት የማያውቅ ግመል ጠባቂ የደኑን ውሃ ይጠጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቃል አብራሩ።
4. የሚከተሉትን ጥንዶች በ«ስለ» አያይዛችሁ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉ።
   ሀ) ዛፎቹ ተቆረጡ። አፈሩ ታጠበ።
   ለ) ገበሬው ከማር ገቢ ያገኛል። ደኑን ይጠብቃል።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ከሚገኝ አንድ ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ተራራ ዘንድ ሄዳችሁ ተመልከቱ። የቦታውን የቀድሞ ሁኔታ ከሽማግሌዎች ጠይቁ። ከዚያም ሦስት አንቀጽ ያለው የጉዞ ድርሰት ጻፉ፤ በመጀመሪያው ያያችሁትን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው ውጤቱን ግለጹ። ያላያችሁትን ወይም ያልጠየቃችሁትን አትጻፉ።