ቫይረሱ ዘበኛውን እንዴት ያስወግደዋል? ስለ ዩቢኩቲንና ስለ ዘመዶቹ

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ በውስጥ መስመር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። «ቫይረሱ ሴሉን ምን አድርጎት ነው ካንሰር የሚሆነው?» ለሚለው መልሱ ትንሽ ጠለቅ ይላል፤ ታገሱኝ።

ሴል ውስጥ ያረጀ ፕሮቲን ዝም ብሎ አይጣልም። መጀመሪያ ዩቢኩቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፤ መኪና ላይ የሚጫን ጆንያ የት እንደሚወርድ እንደሚጻፍበት ማለት ነው። ዋናው ነገር ግን አለጣጠፉ ነው። ዩቢኩቲን ራሱ ላይ ሌላ ዩቢኩቲን የሚቀጠልባቸው ሰባት መያዣዎች (ላይሲን ይባላሉ) አሉት። በ48ኛው ቦታ እየተቀጠለ ሰንሰለት ከሠራ «ይፈጭ» ማለት ነው፤ ፕሮቲኑ ፕሮቲአሶም ወደሚባለው ወፍጮ ይገባል። በ63ኛው ከሆነ ግን ወፍጮ የለም፤ «እዚህ ጋ ዲኤንኤ ተጎድቷል፣ ጠግኑ» ዓይነት መልእክት ነው። ያው ዩቢኩቲን ነው፣ የተያያዘበት ቦታ ብቻ ተለየ!

ዘመዶቹም በጅራታቸው ነው የሚለጠፉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። ሱሞ1 አብዛኛውን ጊዜ ነጠላውን ይለጠፋል፤ ሱሞ2 እና ሱሞ3 ሰንሰለት ይሠራሉ። ኔድ8 በአብዛኛው ነጠላ ነው፤ ሥራው ዩቢኩቲን ለጣፊዎቹን ማስነሳት ነው። አይኤስጂ15 ደግሞ ሁለት ዩቢኩቲን ተጣብቀው የተወለዱ ይመስላል፤ ቫይረስ ሲገባ ይበዛል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ፒ53 ዲኤንኤው የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚያቆም ዘበኛ ነው። ኤችፒቪ፣ በተለይ 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች፣ ኢ6 የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ። ኢ6 የሴሉን የራሱን ለጣፊ ኢንዛይም እየጎተተ ፒ53 ጋ ያመጣዋል። ጤነኛው ዘበኛ «ይፈጭ» ተብሎ ይለጠፍበትና ወፍጮ ይገባል። በጣም ተንኮለኛ ነው፣ መሣሪያው እንኳ የራሱ አይደለም። ካንሰሩ የሚመጣው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ክትባቱ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሳይገባ ነው የሚይዘው፤ ከገባ በኋላ ኢ6ን አያስቆምም። በልጅነት የሚሰጠው ለዚህ ነው። አገራችን በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ ጀመረች። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው፣ ኢ6 የለበትም።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶችና እህቶች ደግሞ ምንም ሳያማችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ «የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ» በሉ። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ቅድመ ካንሰር ላይ ከተገኘ ብዙ ጊዜ እዚያው በዚያው ቀን ይታከማል።