የቢጫ ዋግ ናሙና አላላክና የዘር ማንበቢያን ደግሞ ስለመጠቀም

ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚስማማው የስንዴ በሽታ በመሆኑ በላስታ ደጋ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ ከ600,000 ሄክታር በላይ ስንዴ ተጠቅቷል፤ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳም በሽታውን ሊቋቋም አልቻለም። የዋጉ ዓይነት ሲለወጥ አምና የቻለው ዝርያ ዘንድሮ ይሸነፋል።

ቀደም ሲል ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ወራት ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል፣ ሲሚትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ማርፕል የተባለውን ዘዴ በሆለታ ሞከሩ። በዚህ ዘዴ የዋጉ 242 ጂኖች ከታመመው ቅጠል ተባዝተው ሚናየን በምትባል፣ ከላፕቶፕ ጋር በምትያያዝ ትንሽ መሣሪያ ይነበባሉ። የዋጉም ማንነት በ48 ሰዓት ውስጥ ይታወቃል።

ወጪው የሚከብደው ከመሣሪያዋ ይልቅ በላይዋ በሚገጠመው ፍሎው ሴል ነው። ይህ ዕቃ በብዙ መቶ ዶላር የሚገዛ ሲሆን ዲ.ኤን.ኤ. በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ በ512 መስመሮች ያነባል። ጥቂት ናሙና ብቻ ከተነበበበት አብዛኛው አቅሙ ይተርፋል፤ ስለዚህ መጣል የለበትም። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ንባቡን አቁሞ ዲ.ኤን.ኤ.ን በሚበጣጥስ ኢንዛይም ያጥበዋል፤ የማቆያ ፈሳሽ ሞልቶም በረዶ እንዳይሠራ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስቀምጠዋል። (መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ደግሞ ከመጠቀሙ በፊት በሕይወት ያሉትን ቀዳዳዎች ይቆጥራል። አምራቹ ለአዲሱ ቢያንስ 800 ቀዳዳ ዋስትና ይሰጣል፤ ቁጥሩ በየሥራው ይቀንሳል፤ የገባ የአየር አረፋም ብዙውን ሊገድል ይችላል።

እጥበቱ ግን ሁሉንም አያጠራም። ከፊተኛው ናሙና ጥቂት ቅሪት ይኖራል። የአርሲ ዋግ ቅሪት ከላሊበላው ጋር ተቀላቅሎ ቢነበብ ያልደረሰብን ዓይነት ደረሰብን ያሰኛል። ስለሆነም ለኋለኞቹ ናሙናዎች ቀድሞ በዚያው ፍሎው ሴል ላይ ያልዋለ የባርኮድ ምልክት መሰጠት አለበት። የፒፔት ጫፍና ቱቦ ግን ታጥቦ አይደገምም፤ በዚህ መቆጠብ ኪሣራ ነው።

ይህ አሠራር የልማት ሠራተኛውን የሚነካው እዚህ ላይ ነው፦ ፍሎው ሴሉ ደግሞ ስለሚያገለግል በወቅቱ መጀመሪያ የታየው ዋግ ሌላ ናሙና እስኪጠራቀም መቆየት የለበትም። ከስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ተነጋግራችሁ ወዲያው ላኩት። ከዚያ በኋላ የሚገኘውን ግን በየሳምንቱ አንድ ላይ ማድረጉ ይሻላል። ከየማሳው የተወሰደው ቅጠል ለየብቻው ይያዝ፤ ቀበሌው፣ የስንዴው ዝርያ፣ ቀኑና መድኃኒት መረጨት አለመረጨቱ በእርሳስ ይጻፍበት። ቀለም በአልኮል ይለቃል።

ርጭት ውጤት አይጠብቅም። ዋጉ ማሳው ላይ ከታየና ስንዴው ገና ካላፈራ ገበሬው በተፈቀደ መድኃኒት ይርጭ። የንባቡ ውጤት በዋነኛነት የሚያገለግለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለከርሞ የሚያስመጣውን ምርጥ ዘር ሲመርጥ ነው፤ ስለዚህ የዘር ፍላጎት ተሰብስቦ ከመላኩ በፊት ውጤቱን ከማዕከሉ ጠይቁ።