ትንሿን የእጅ ማሽን ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቀንድ መቅረጽና የብር ቀለበት ማሳመር እንደጀመርክ ሰማሁ፤ እሰየው። አሁን ደግሞ መፍጫም፣ መቁረጫም፣ መወልወያም የሚገጠምላትን ትንሽ የእጅ ማሽን ልትገዛ ነው አሉ። ብዙ ሰው ማንም ይሥራት ማን «ድሬመል» ይላታል፤ አልበርት ድሬመል እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ፣ ራሲን ከተማ ያቋቋመው ኩባንያ ስም ነው። ስሙ ግን ማሽን አይመርጥልህም። ብርህ ከኪስህ ሳይወጣ ስማኝ።

1. ሥራህን አስቀድመህ ለይ። የዚህች ማሽን ጉልበቷ ፍጥነቷ ነው። ተራ ትራፓኖ በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር እሷ 30,000 ታልፋለች፤ ኃይሏ ግን ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 175 ዋት ነው። ቀንድ ለመቅረጽ፣ ብር ለመወልወል፣ ብርጭቆ ላይ ስም ለመጻፍ ትሆንሃለች። ግድግዳ ለመብሳት ትራፓኖ፣ ወፍራም ብረት ለመቁረጥ ግራይንደር አለልህ።

2. ቮልቱን አንብብ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያሉት አክስትህ ልላክልህ ቢሉ፣ የዚያ አገር 120 መሆኑን አትርሳ። የስፒና መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ እንዲሁ ብትሰካው ሞተሩ ይቃጠላል። «220–240» የሚል የተጻፈበትን እንዲፈልጉልህ ቀድመህ ንገራቸው።

3. ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሽቦውን ግዛ። ባለ ባትሪው መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ባትሪው ሲደክም የዚያኑ ዓይነት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ካለም ትርፍ ሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ በሚገባው ሻንጣ እንደማይጫን አሳውቀው።

4. ፍጥነቷ የሚቀነስ ትሁን። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያላትን ተዋት። ከ5,000 ዙር ጀምራ ከፍ የምትል ከሆነች ጥሩ ናት። በከፍተኛ ፍጥነት ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ቀንድ እየሸተተ ይጠቁራል፣ ወይራም ይለበለባል። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ከ15,000 በላይ ከተነዳ ሽቦው እየተነቀለ ይፈናጠራል። ሥራው እንዲፈጥንልህ ብለህም አትጫናት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ቀለል አድርገህ ደጋግመህ አሳልፋት።

5. ሳታስሰካ አትክፈል። መርካቶም ግዛ ሌላ ቦታ፣ ሻጩ ቀጭን ፑንታ ገጥሞ በዝግታ ያዙርልህ። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ መልስለት። ከዚያ ፍጥነቷን ከፍ አድርገህ ለጥቂት ደቂቃ ያዛት፤ እጅህን የምታቃጥል ወይም የምትሸት ከሆነ ሌላ እይ። በጎንና በጎኗ በካቻቢቴ የሚፈታ ክዳን ካላት የሞተሯ ካርቦን ሲያልቅ ራስህ ትቀይራለህ። የምትቀበለው ዘንግም 3.2 ሚሊሜትር ይሁን፤ አብዛኛው መለዋወጫ የሚመጣው በዚህ ልክ ነው።

6. መቶ ቁራጭ የታጨቀበት ሣጥን አያማልልህ። አብዛኛው ሳትነካው ይዝጋል። ጥቂት መቁረጫ ዲስክ፣ አንድ ሁለት ጠንካራ መፍጫ፣ የብርጭቆ ወረቀትና መወልወያ ጨርቅ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቁሃል። የተረፈህን ለትንሽ ሞርሳ አውለው፤ ሥራህን እሱ ይያዝልህ እንጂ በሌላው እጅህ አትያዘው።

7. ዓይንህንና ሳንባህን ጠብቅ። ቀጭን ዲስክ ትንሽ ከተጣመመ ተሰብሮ ይበራል፤ ያለ መነጽር አንድም ደቂቃ እንዳትሠራ። የቀንድና የብረት ብናኝ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለምና አፍንጫህን ሸፍን፣ መስኮት ክፈት። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ከማሽኗ ይራቁ።

8. ጎረቤት አክብር። በአሮጌው ካዛንቺስ ግቢያችን አንድ ስለነበር ድምፅ ሲበዛ በሩን አንኳኩቶ «ኧረ ተው!» የሚል አይጠፋም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን ሲያፈርሰው ብዙዎቻችን ተበተንን። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ላይ የአንተ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው፤ የታችኛውም ሰው እንደ ድሮው ጎረቤት አያውቅህም። ጠረጴዛው ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፍ፤ ሲመሽ ማሽኗን ነቅለህ በሞረድና በእጅህ ሥራ።

እንግዲህ ባለ ሽቦ፣ 220 ቮልት፣ ፍጥነቷ የሚቀነስና ካርቦኗ ከውጭ የሚቀየር ማሽን ካገኘህ፣ የማንም ስም ይለጠፍባት፣ ግዛት። መነጽሩን ግን ከእሷ አስቀድመህ ግዛ።