አንድ ቀን የሚፈቅድ፣ አንድ ቀን የሚከለክል ሰርቨር፦ የፋይል ፈቃድ ችግር እንዴት ይመረመራል?

በጋራ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም በየጊዜው ይለወጣል። ማን፣ መቼና ምን እንደለወጠ እየመዘገበ ወደ ቀድሞው ይዘት ለመመለስ የሚያስችለው መሣሪያ የቨርዥን ቁጥጥር ሥርዓት ይባላል። ከእነዚህ መካከል እጅግ የታወቀው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል ሥራ የጀመረው ጊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የጊት ማከማቻ በጋራ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ የሚያጋጥም አንድ የፈቃድ ችግር ወስደን መንስኤው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚገኝ እንመለከታለን።

ችግሩ

ሀ እና ለ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የስሌት ፕሮግራም በአንድ የሊነክስ ሰርቨር ላይ አስቀመጡ እንበል። ሁለቱም በየራሳቸው አካውንት፣ ኤስኤስኤች በተባለው የተመሰጠረ መስመር ይገባሉ፤ የአንድ ቡድን አባላትም ናቸው። ለ ሰኞ ሥራውን ሲልክ ሰርቨሩ ተቀበለው። ማክሰኞ ግን ወደ ማከማቻው ለመጨመር በቂ ፈቃድ እንደሌለው ተነገረው። የማክሰኞውን መዝገብ ሰርዞ፣ ፋይሉን በጥቂቱ አሻሽሎ እንደ አዲስ መዝግቦ ሲልክ ደግሞ አለፈለት። በመካከሉ የሰርቨሩን ቅንብር የነካ ሰው የለም። ታዲያ ይህ ከምን መጣ?

ፈቃድ በቁጥር

በሊነክስ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው። ፈቃዱም ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች ተለይቶ ይሰጣል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቆጠርና ይደመራል። ስለዚህ 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉንም ማድረግ ይችላል፣ ቡድኑና ሌሎች ግን ማንበብና ማስኬድ ብቻ ማለት ነው። ለፎልደር ሲሆን ማንበብ የስም ዝርዝሩን ማየት፣ መጻፍ በውስጡ ፋይል መፍጠርና መሰረዝ፣ ማስኬድ ደግሞ በእርሱ በኩል ማለፍ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ፋይልን ለመፍጠር ወይም ለመሰረዝ ወሳኙ ፋይሉን የያዘው ፎልደር ፈቃድ እንጂ የፋይሉ የራሱ ፈቃድ አይደለም።

አዲስ ፎልደር ሲፈጠር ከሙሉው ፈቃድ ከ777 የሚነሣ ዩማስክ የሚባል ቁጥር አለ። ዩማስክ 022 ከሆነ አዲሱ ፎልደር 755 ይሆናል፤ 002 ከሆነ 775 ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታ ቡድኑ መጻፍ አይችልም።

መንስኤው

ጊት የሚያስቀምጠውን እያንዳንዱን ነገር ከይዘቱ ተሰልቶ በሚገኝ ሃሽ በተባለ ረጅም ቁጥር ይሰይመዋል። ሃሹ በ16 ምልክቶች የሚጻፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ነገሩ የሚገባበትን ንዑስ ፎልደር ይወስናሉ። ስለዚህ 16 × 16 = 256 ንዑስ ፎልደሮች ሊኖሩ ይችላሉ። እያንዳንዱም የሚፈጠረው ወደ እርሱ የሚገባ የመጀመሪያው ነገር ሲመጣ ነው፤ ባለቤቱም ያን ነገር የላከው ተማሪ ይሆናል።

የሀ ዩማስክ 022 ከሆነ እርሱ ቀድሞ የፈጠራቸው ንዑስ ፎልደሮች ሁሉ ለለ ዝግ ናቸው። የለ ሥራ ክፍት ፎልደር ላይ ሲያርፍ ያልፋል፤ ዝግ ላይ ሲያርፍ ይወድቃል። አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ሃሹ ስለሚለወጥ ማረፊያውም ይለወጣል። የማክሰኞው እንቆቅልሽ ፍቺ ይህ ነው።

በስሌት እንየው። ዝግ የሆኑት 64 ናቸው እንበል። አንድ ነገር ክፍት ቦታ ላይ የማረፍ ዕድሉ 192/256 ወይም 3/4 ነው። አንድ ትንሽ ለውጥ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይፈጥራል፤ እነርሱም የፋይሉ ይዘት፣ የፎልደሩ ዝርዝርና የለውጡ መዝገብ ናቸው። ሦስቱም የማለፍ ዕድላቸው 3/4 × 3/4 × 3/4 ሲሆን ይህም 42 በመቶ ያህል ነው። ዝጎቹ 128 ሲደርሱ ዕድሉ ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል። ሥራው በገፋ ቁጥር ችግሩ የሚብሰው ለዚህ ነው።

መፍትሔ የሚመስለው አደጋ

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ቺሞድ በተባለው ትእዛዝ ሁሉንም 777 ያደርጋሉ። የስህተቱ መልእክት ለጊዜው ይጠፋል፤ ይሁን እንጂ በሩ ለማንም ተከፈተ ማለት ነው። በሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ የዓመታት ሥራን ሊሰርዝ ይችላል። ሃሹ የተበላሸውን ይዘት ያጋልጣል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ከዚህም የከፋ አለ። በማከማቻው ውስጥ ሥራ ሲላክ በራሳቸው የሚነሡ ሁክ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ፎልደር ይገኛል። በኤስኤስኤች ሲገባ እነዚህ የሚሠሩት በላኪው ሥልጣን ነው። እዚያ መጻፍ የቻለ ሰው የራሱን ፕሮግራም በሌላው ስም ማሠራት ይችላል።

ከመጠን በላይ መክፈት ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። አንድ ሰው የራሱን መኖሪያ ፎልደር 777 ቢያደርግ፣ የኤስኤስኤች ሰርቨር በተለመደው ቅንብሩ የዚያን ሰው ቁልፍ አምኖ መቀበል ያቆማል፤ ሌሎች ሊለውጡት የሚችሉት ቁልፍ ማንነትን አያረጋግጥምና።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. መልእክቱን እስከ መጨረሻው እናንብብ። የተከለከለው መግባቱ ነው ወይስ መጻፉ? የመጀመሪያው የቁልፍ፣ ሁለተኛው የፎልደር ጉዳይ ነው።

2. ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም በማን ስም እንደሚሠራ እንለይ። አይዲ የተባለው ትእዛዝ ስምንና ቡድኖችን ያሳያል። አዲስ ወደ ቡድን የገባ ሰው ወጥቶ እንደገና ካልገባ የቡድኑ ፈቃድ አይደርሰውም።

3. ከላይኛው ፎልደር ጀምረን እስከ ታችኛው ድረስ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ፈቃዱን እንይ። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ዝግ ፎልደር ከበታቹ ያለውን ሁሉ ይዘጋል።

4. ያለፈውንና የሚመጣውን ለይተን እናስተካክል። ላለፈው፣ የተፈጠሩትን ሁሉ ወደ ጋራው ቡድን አዛውረን ለፎልደሮቹ የቡድን መጻፍን እንፍቀድ። ለሚመጣው፣ ሴት ጂአይዲ የሚባለውን ምልክት በፎልደሮቹ ላይ እናድርግ፤ አዲስ የሚፈጠረው ሁሉ የወላጁን ፎልደር ቡድን ይወርሳል። እንዲሁም በጊት ቅንብር ማከማቻው የቡድን የጋራ መሆኑን እናስታውቅ፤ ያን ጊዜ ጊት የዩማስኩን ክልከላ ለቡድኑ ራሱ ያስተካክላል። ይህ ቅንብር ግን የቀድሞዎቹን ፎልደሮች አያርምም፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

5. ውጤቱን እናረጋግጥ። አንድ ጊዜ ማለፉ ማስረጃ አይሆንም፤ 64 ዝግ ፎልደሮች እያሉም 42 በመቶ ያህል ያልፋልና። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የማለፍ ዕድል እንኳ 7.5 በመቶ ያህል ነው። አስተማማኙ መንገድ ለቡድኑ ዝግ የሆኑትን ፎልደሮች ፈልጎ ቁጥራቸው 0 መሆኑን ማየት ነው።

በላቦራቶሪም ሕጉ ይኸው ነው፤ ምልክቱ ስለጠፋ መንስኤው ጠፍቷል አይባልም።

መልመጃ፦ ዝግ ፎልደሮቹ 128 ቢሆኑና እያንዳንዱ ለውጥ ሦስት ነገሮችን ቢፈጥር፣ ሁለት ለውጦች በተከታታይ የማለፍ ዕድላቸው ስንት ነው? መልሱ 1/64 ነው። አንባቢው እንዴት እንደተገኘ ይሥራው።