ነገም የምትከፍተውን አምፕ ግዛ

ቡና ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ የአሪቻ ወጣት ልቡ ወደ ዲላ ገበያ ይሸፍታል። በቤተ ክርስቲያን ኳየር በሰው ጊታር ሲያገለግል የኖረ ልጅ ደግሞ ሐሳቡ አንድ ነው፦ የራሱ ኤሌክትሪክ ጊታርና የራሱ አምፕ። ወዳጄ፣ ምኞትህ ትክክል ነው፤ በርታ! ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ግን ይህችን መልስልኝ፦ የምትገዛውን አምፕ ማታ ማታ ቤትህ ውስጥ ልትከፍተው ትችላለህ?

መድረክ ላይ ያየነው ትልቅ ሞንታርቦ ዓይን ይስባል። ጣት የሚፈታው ግን ቤት ነው። ታናሽ ወንድምህ ጥግ ይዞ እያጠና፣ እናትህ ቡና እያፈላች፣ አንተ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ያቺኑ አስቸጋሪ ምት ስትመላለስባት ነው እጅህ የሚሠራው። ማንንም የማያስመርር አምፕ በየቀኑ ይከፈታል። ጎረቤት የሚያስነሳው ግን ጨርቅ ለብሶ እሁድን ይጠብቃል፤ አንተም አብረኸው ትጠብቃለህ።

ስለዚህ የዋት ቁጥር አያስጎምጅህ። ጆሯችን የሚሰማው እንደ ዋቱ ብዛት አይደለም፤ ኃይሉ 10 እጥፍ ሲያድግ ድምፁ ለጆሮ የሚጨምረው በግምት እጥፍ ብቻ ነው። ባለ 100 ዋቱ የባለ 10 ዋቱን እጥፍ ያህል ቢጮህ ነው። ለአንድ ክፍል ከ3 እስከ 10 ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ይልቅ ስፒከሩን እይ። ባለ 3 ኢንቹ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ወፍራሙን ክር ስትመታ ግን ድምፁ ይሳሳል። 6 ወይም 8 ኢንች የሆነው ጆሮ ይሞላል።

ቀጥሎ መብራት። መብራት በጠፋ ቁጥር ልምምድህም እንዳይጠፋ፣ በድንጋይም የሚሠራ አምፕ ብትመርጥ ደስ ይለኛል። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ፣ ብላክስታር ፍላይ 3 እና ቦስ ካታና ሚኒ በስድስት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራሉ። ገንዘብ ካጠረህም ተስፋ አትቁረጥ፤ ቮክስ አምፕላግ የሚባል ጊታሩ ላይ ቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ድምፁን በኤርፎን ታዳምጣለህ። ሁለት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ይበቃዋል። በእሱ መጀመር ምንም አያሳፍርም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ እልክልሃለሁ ካለህ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ከኋላው የተጻፈውን አንብቦ ይንገርህ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ የተሠራው 120፣ ለጃፓን የተሠራው 100 ይላል፤ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካኸው ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ካገኘህ እሰየው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ። የጊታር አስተማሪ በአቅራቢያህ ከሌለ፣ አምፑ ላይ ያለችው የስልክ መሰኪያ አስተማሪህ ትሆናለች። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን ‹‹ኤሬ መላ መላ›› ስልክህ ላይ ክፈትና ጊታሩን ብቻ ተከተል። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የሆነው ሰላም ስዩም ከዘፋኙ ሥር ሥር ሲሄድ፣ መቼ እንደሚገባና መቼ ዝም እንደሚል አድምጥ። መጀመሪያ አንዷን መስመር ያዝ፤ ስትገባህ አብረኸው ተጫወት። ኳየርህ የሚዘምረውን መዝሙርም እንዲሁ። በየማታው አብሮህ የሚጫወት ሙሉ ባንድ አለህ ማለት እኮ ነው!

ለዚህ ንጹሕ ድምፅ ያስፈልግሃል። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ አምፑ የሚሞከረው በዲስቶርሽን ነው። ጆሮ ያስደስታል፣ ስሕተትም ይሸፍናል። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ስትጫወት ግን እያንዳንዷ ኖታ ተለይታ መሰማት አለባት፤ የችክችካ ምትም በተድበሰበሰ ድምፅ አይያዝም። ስለዚህ ሻጩን ‹‹ወንድሜ፣ ጌኑን ቀንስልኝ›› በለው። ቮሊዩሙን ዝቅ አድርገህ አንዲት ክር ቀስ ብለህ ምታ፤ በዝቅተኛ ድምፅም ጥርት ብላ ከተሰማች ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ክሮቹን በመዳፍህ ያዝና ቮሊዩሙን ከፍ አድርግ። ትንሽ እምምታ ያለ ነው፤ ጎላ ብሎ ከተንጫጫ ኬብል ቀይረህ ሞክር፣ ካልጠፋ ሌላ አምፕ አስወጣ። የኤርፎን ቀዳዳውንም ሰክተህ አረጋግጥ፣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ቶሎ የሚላላው እሱ ነው።

ትልቁን ትተህ ትንሹን ስትገዛ ብር ይተርፍሃል። ለአንድ ደህና ኬብልና ለመለዋወጫ ክር አውለው። ቱነሩን ስልክህ ላይ በነጻ ታወርዳለህ።