አቡነ ያዕቆብ፥ በምጽዋ ደሴት የተሾሙ እረኛ



ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን ወጣቶች ለዚህ ጊዜ ጥናት የመረጥነው የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ሕይወት ነው። ያገራችን ሰዎች አቡነ ያዕቆብ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ጥናቱን ስንጀምር ከመካከላችን አንዱ፥ «የታሰሩ፥ የተሰደዱ፥ በመጨረሻም መንገድ ላይ የሞቱ ሰው ምን ተሳካላቸው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ መልሱን አብረን ፈለግን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከእርሳቸው በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የአገሩን ሥርዓተ አምልኮ በሮማው ሥርዓት ለመለወጥ ተጣደፉ። በዚህም ምክንያት የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ማዶ የመጣ ካህን ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር።

አቡነ ያዕቆብ ይህን ሸክም ይዘው ነው የመጡት። በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ ጥቅምት 9 ቀን 1800 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1818 ዓ.ም. ወደ ላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1839 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ መጡ። እንደ ሜንዴዝ ሳይሆኑ፥ አስቀድመው ተማሪ ሆኑ። ግዕዝ፥ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ፤ ያገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ የግዕዙንም ቅዳሴ አከበሩ። በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር አብረው ሄዱ። ከእነዚህ መካከል የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ይገኙ ነበር። እኒህ ሊቅ ኋላ የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙርና ወዳጅ ሆኑ።

በ1847 ዓ.ም. ለጵጵስና ሲመረጡ አይገባኝም ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻም በጥር ወር 1849 ዓ.ም. በምጽዋ ተቀቡ። ምጽዋ ያን ጊዜ ከየብስ የሚያገናኝ መንገድ ገና ያልተሠራላት፥ ሙቀቷ የሚያቃጥል ደሴት ነበረች። በሌሊት፥ ያለ ክብርና ያለ ጭብጨባ፥ ማዕረጉን የሰጧቸው አባ ማስያስ የሚባሉት ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ናቸው። እኒህ አባት ኋላ በምኒልክ ዘመን በፊንፊኔ፥ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ፥ አስተምረዋል። ስፍራው ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ ያለበት አካባቢ ነው። ከቡራዩ ወደ ፒያሳ ስንሄድ በዚያ እናልፋለን፤ ነገር ግን ስንቶቻችን አስበነዋል?

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነበር። አቡነ ያዕቆብ በጎንደር ታሰሩ፤ ቀጥሎም ወደ ባሕሩ ጠረፍ ተሰደዱ። አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት እንደ ታሰሩ በ1855 ዓ.ም. ሞቱ፤ በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብም ከጠረፉ ወደ ደጋው ወደ ሐላይ ሲጓዙ ሐምሌ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. በበረሃ ሸለቆ ውስጥ ዐረፉ። መቃብራቸው በኤርትራ በሄቦ ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1975 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን ዐወጁ።

እንግዲህ ምን ተሳካላቸው? ያገር ልጆችን አስተምረው ካህናት አደረጉ፤ የግዕዙም ሥርዓት በካቶሊካውያን ዘንድ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። ሜንዴዝ የንጉሥ ሥልጣን በስተ ጀርባቸው ነበረ፥ ሥራቸው ግን በጥቂት ዓመታት ፈረሰ። አቡነ ያዕቆብ ምንም አልነበራቸውም፥ ሥራቸው ግን ቆመ። ይህን ስናነጻጽር ወንድማችን ለጥያቄው መልስ እንዳገኘ ነገረን።

ነገር ግን ጥናቱ እኛኑ ወቀሰን። በመንደሮቻችን ኦሮምኛ፥ አማርኛ፥ ጉራጊኛና ጋሞኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች አሉን። ባለፈው ጊዜ ከመካከላችን አንዲት እኅት በአማርኛ ስትጸልይ ቃል ቢሳሳትባት ሳቅንባት። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አሰምታ አልጸለየችም። ባሕር ተሻግረው የመጡት እንግዳ ቋንቋችንን ለመማር ዝቅ ሲሉ፥ እኛ የጎረቤታችንን ሰላምታ እንኳ ለመማር ሰነፍን። ይቅርታ ጠይቀናታል። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮም ጸሎቱን በየተራ፥ እያንዳንዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያደርስ ተስማምተናል። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንንም ያለፈውን ቁስል ሳንነካካ በአክብሮት ልንቀርባቸው ይገባል።

ለመወያያ፦
1. 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥19-23ን አንብቡ። አቡነ ያዕቆብ ይህን በምን ፈጸሙት?
2. ዮሐንስ 12፥24ን አንብቡ። የስንዴዋ ቅንጣት ምሳሌ ከሕይወታቸው ጋር እንዴት ይስማማል?
3. በሠፈራችሁ ቋንቋውን ልትማሩለት የሚገባ ጎረቤት ማን ነው?

አምላካችን ትሑት ልብ ይስጠን። አሜን።