የሚጠብቀውና የሚላላው፦ ለአንዲት ትንሽ የኢንተርኔት ሬዲዮ ድምፅ ስናስተካክል

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ ስለ ድምፅ ማስተካከያ ነው። ማለትም በማይክሮፎኑና በአድማጩ ጆሮ መካከል ስለሚቀመጡት መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች። ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም ሥራውን ስጀምር "ፕሮግራሙን ጭነህ ከተዘጋጁት አማራጮች አንዱን መምረጥ ነው፣ አለቀ" ብዬ ነበር። እንዳላለቀ ያሳወቀኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ወደ እሱ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ቦታውንና ሥራውን ላስተዋውቃችሁ።

ክፍሏና አደባባዩ

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የምንሠራባት ትንሽ ሬዲዮ ያለችው መስቀል አደባባይን ቁልቁል በሚያይ ሕንፃ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ሦስት በአራት ሜትር ብትሆን ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሁለት ማይክሮፎንና አንድ ትንሽ ሚክሰር አሉን። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አደባባዩ አለ። የመኪናው ጥሩምባ፣ የረዳቶች ጥሪ፣ በማለዳ ደረጃው ላይ የሚሮጡት ስፖርተኞች ጭብጨባ፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀላል ባቡሩ ድምፅ። መስከረም 16 የደመራ ዕለትማ መስኮት ዘጋን አልዘጋን ለውጥ የለውም።

ከምናስተላልፋቸው ዝግጅቶች ብዙ አድማጭ ያለው የሰፈር ትዝታ የምናስወራበት ነው። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ የመልሶ ማልማት ሥራ ሲካሄድ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤቶች አንዱ በከተማዋ አንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ሆኑ። እኛም አዛውንቱን እየጋበዝን ስለ ዕድሩ፣ ስለ ጠዋት ቡናው፣ ስለ ልጆቹ ጨዋታ እናወራለን። ተናጋሪው አንድ ሰው ነው። የሚያዳምጡት ግን የተበተኑት ጎረቤቶቹና ውጭ ያሉት ልጆቹ ናቸው።

ማስተካከያ ለምን አስፈለገ?

በኤፍ ኤም ጣቢያ የድምፅ ማስተካከያ የግድ ነው። የማስተላለፊያው ሞገድ ከመደበኛ ቦታው ግራና ቀኝ ከ75 ኪሎ ኸርዝ በላይ መራቅ ስለማይፈቀድለት፣ ድምፁን የሚገታ አንድ ነገር መኖር አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ድምፁ በጣም ካነሰ በሞገዱ ሽውታ ይዋጣል። ስለዚህ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያንሾካሽከውን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኦርባን እ.ኤ.አ. በ1975 ለኤፍ ኤም ያወጣው ኦፕቲሞድ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ጣቢያዎች "የማን ድምፅ ይበልጣል" እያሉ ሲሽቀዳደሙ ኖረዋል። መሪውን ሲያዞር አድማጩ ቶሎ የሚቆመው ጎልቶ የሚሰማው ጣቢያ ላይ ነው የሚል እምነት ስለነበረ ነው።

የኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። 75 ኪሎ ኸርዝ የለም፣ የሞገድ ሽውታም የለም። ለእኛ ማስተካከያ የሚያስፈልገን በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛው፣ አንዱ እንግዳ ጮክ ብሎ ሌላው ቀስ ብሎ ሲያወራ አድማጩ በየደቂቃው ስልኩን ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ ነው። ሁለተኛው፣ ታክሲ ውስጥ በርካሽ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ቃሉን እንዲለይ ነው።

ሰንሰለቱ በቅደም ተከተል

ድምፁ ከማይክሮፎኑ ተነስቶ በስድስት በር ያልፋል ብላችሁ አስቡት።

1ኛ. የታች ድምፅ ማጣሪያ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። የባቡሩና የከባድ መኪናው ጉምጉምታ፣ የመብራታችን የ50 ኸርዝ እምምታም እዚህ ላይ ይቀንሳል።

2ኛ. ጌት። ሰው በማይናገርበት ጊዜ በሩን የሚዘጋ ዘበኛ ነው።

3ኛ. ኢኮላይዘር። የድምፁን ቀለም ያስተካክላል።

4ኛ. ሌቨለር። እጁን የድምፅ ቁልፉ ላይ አድርጎ የተቀመጠ፣ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚያደርግ ሠራተኛ ማለት ነው።

5ኛ. ኮምፕሬሰር። ሌቨለሩ የሚሠራውን ሥራ እሱ በፍጥነት፣ በየቃሉ ይሠራዋል።

6ኛ. ሊሚተር። ጣሪያ ነው። ከዚህ በላይ ማንም አያልፍም።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ወደ ኢንኮደር ይገባና ተጨምቆ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። እኛ ይህን ሁሉ የምንሠራው በሶፍትዌር ነው። ሰርቨራችን አይስካስት ነው፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ገንዘብ ያወጣነው ለማይክሮፎኖቹና ለሚክሰሩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የስልክ ጥሪው

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ሥራውን ስጀምር ለኤፍ ኤም የሙዚቃ ጣቢያ ተብሎ የተዘጋጀ አማራጭ መረጥኩ። ድምፃችን ወፈረ፣ ጎላ። ጓደኞቼ "ትልቅ ጣቢያ መሰልን እኮ!" አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት በካዛንቺስ ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት እናት እንግዳችን ሆኑ። እማማ የሚያወሩት ቀስ ብለው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ ያስባሉ፣ ይቀጥላሉ። ስለ ድሮ ግቢያቸው፣ ልጃቸውን ስለወለዱባት ክፍል፣ ያን ለሊት ደጁ ላይ ቁመው ስላደሩት ጎረቤቶች አወሩ። እኔ ማዳመጫ አድርጌ የማየው የመብራቱን ቀይና አረንጓዴ ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ ጥሩ ነው አልኩ።

ዝግጅቱ ሳያልቅ ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ናት፤ ከቤይሩት። "ወንድሜ፣ እማዬን አሟታል እንዴ? ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ የምትታፈን ትመስላለች። እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ።

እማማ ፊት ለፊቴ ሻይ እየጠጡ ነው፣ ምንም አልሆኑም። አንድም ደቂቃ ትንፋሽ አላጠራቸውም። ያነቃቸው የእኔ ማስተካከያ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። እማማ ዝም ባሉ ቁጥር ሌቨለሩ "ድምፅ ጠፋ" ብሎ ከፍ ያደርጋል። ከፍ ሲያደርግ የሚያገኘው አደባባዩን ነው። ሽውውው የሚል ድምፅ ይነሳል። እማማ ቃል ሲጀምሩ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ይደፍቀዋል። ለአድማጩ ይህ ልክ የሚያቃስት ሰው ትንፋሽ ሆኖ ይሰማል። የድምፅ ባለሙያዎችም በራሳቸው አነጋገር "መተንፈስ" ይሉታል። ጌቱ በበኩሉ ቀስ ብለው የሚያልቁትን የቃል መጨረሻዎች እየቆረጠ ይጥላል። ልጅቱ የሰማችው እውነት ነበር፣ እናቷ ግን አልነበረችም።

የእኛ ቋንቋ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ የአማርኛን ድምፅ በኮምፒውተር ሞገድ አየሁት። እዚህ ላይ ለክፍል ጓደኞቼ በተለይ የምለው አለኝ።

ቋንቋችን ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ፀ የሚባሉ፣ ጉሮሮ ላይ ታፍነው ድንገት የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። በሞገዱ ላይ ስታዩዋቸው መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ እንደ መርፌ የቆመ ጫፍ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚይዝ ከሆነ ያን መርፌ ያደነዝዘዋል። ያኔ "ጠ" ወደ "ተ"፣ "ቀ" ወደ "ከ" ይጠጋል። እኔ በመጀመሪያ የመረጥኩት አማራጭ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ገና ሲላላ "እስካሁን አልሆነም" ማለት ነው፤ ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው። አለ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ዋና ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ የሚያሳየው አንደበት ብቻ ነው። በእርግጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአገባቡ እንረዳዋለን። ነገር ግን በደከመ ማዳመጫ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከአገባቡ የሚረዳው ሰው ይደክመዋል። ሲደክመው ይዘጋዋል።

በተለይ "ጠጣ" ወይም "በቃ" ስንል የሚጠብቀው ፊደል ውስጥ ያለው ጸጥታ ረዘም ይላል። ጸጥታው የቃሉ አካል ነው። ኮምፕሬሰሩ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ያቺን ጸጥታ በአደባባዩ ጩኸት ይሞላታል። ስለዚህ ማስተካከያው የተናገርነውን ብቻ ሳይሆን በቃላችን መሃል ዝም ያልነውንም ማክበር አለበት።

ያስተካከልነው

በመጀመሪያ ያስተካከልነው ሶፍትዌሩን አይደለም። ማይክሮፎኑ ከእንግዳው አፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ወደ 15 አቀረብነው። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ60 ወደ 30፣ ከ30 ወደ 15፣ በድምሩ 12 ዴሲቤል ያህል ነው። የአደባባዩ ጩኸት ግን ባለበት ይቀራል። ይህን ያህል ጥቅም በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር አላገኘሁም። ከዚያ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከእንግዳው ጀርባ ጋቢ ሰቀልን።

ቀጥሎ ጌቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ፣ ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ብቻ እንዲቀንስ አደረግን። ሌቨለሩ በብዙ ሰከንድ ቀስ ብሎ እንዲሠራ፣ ጸጥታ ሲሆን ደግሞ ባለበት እንዲቆም አዘዝነው። ኮምፕሬሰሩን ከ8 ለ1 ወደ 2.5 ለ1 አወረድን። መያዣ ጊዜውን 15 ሚሊ ሰከንድ፣ መልቀቂያውን 200 አደረግን። በዚህ መንገድ "ጠ" ፈንድታ ታልፋለች፣ ኮምፕሬሰሩ የሚደርሰው ከኋላዋ ነው።

የድምፁን ጠቅላላ ከፍታ በተመለከተ፣ የአውሮፓ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጣቢያዎች ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ የሚል መለኪያ አውጥቷል። የድምፅ ምህንድስና ማኅበሩ ኤ ኢ ኤስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢንተርኔት ሥርጭት ከዜሮ በታች ከ16 እስከ 20 ባለው ውስጥ እንዲሆን መክሯል። እኛ 16ን መረጥን፣ ምክንያቱም የርካሽ ስልክ ጉልበት ትንሽ ነው። ጣሪያውን ከዜሮ በታች 1.5 ዴሲቤል ላይ አደረግነው። ኢንኮደሩ ሲጨምቅ ጫፎቹን ትንሽ ስለሚያሳድጋቸው ቦታ መተው ይገባል።

ኢንተርኔቱና የአድማጩ ኪስ

አገር ውስጥ ያለው አድማጭ የሚሰማን በሞባይል ዳታ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። በ128 ኪሎ ቢት የሚሄድ ድምፅ በሰዓት 57.6 ሜጋ ባይት ይበላል። በ48 ከሆነ 21.6፣ በ32 ከሆነ 14.4 ነው። አንድ ጡረተኛ የጎረቤቱን ወሬ ለመስማት ያንን ሁሉ ዳታ ይክፈል ማለት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ለንግግር ሞኖ በ32 ኪሎ ቢት እንልካለን።

ታዲያ በ32 ላይ ኢንኮደሩ ድሃ ነው፣ እያንዳንዷን ቢት ቆጥሮ ነው የሚያወጣት። ሽውታ ከላክንለት ቢቱን ለሽውታው ያወጣል፣ ለ"ጠ" የሚተርፈው ያንሳል። ከመጠን በላይ ተደፍቆ የተሰነጠቀ ድምፅም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ድምፅ መላክ ለጆሮም ለኪስም ይበጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በጾም ወቅት በገና ስናስተላልፍ የሽውታ ማጥፊያውን ሳናነሳው ቀረን። በገና የዚያ የነዝናዛ ድምፁ ባለቤት የሆነው በአውታሩና በመቆሚያው መካከል በሚገባው የቆዳ እንዝራ ነው። ሶፍትዌሩ እንዝራውን ረባሽ መስሎት አጠፋው። ክራር መሳይ ነገር ተሰማ! ለንግግር የሠራነው ለበገና አይሆንም፤ አሁን ለየብቻ አስቀምጠናቸዋል።

ማጠቃለያ

የመጨረሻው ትምህርት ከሁሉም ይከብደኛል። በዚያ ቀን እየቀዳን የነበረው ከማስተካከያው በኋላ ያለውን ድምፅ ነበር። ያልተነካው ድምፅ የትም አልተቀመጠም። ስለዚህ የእማማ የመጀመሪያ ወግ ያለን እያቃሰተ ነው፤ የተቆረጠውን የቃል መጨረሻ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም።

ከአንድ ወር በኋላ እማማን ድጋሚ ጋበዝናቸው። ከአዲሱ ሰፈራቸው ሁለት ታክሲ ይዘው መጡ። ድምፃቸው እንደ ውኃ ጠርቶ ተቀዳ፣ ከቤይሩትም ደስታ ተላከልን። ስለዚያች ክፍልና ደጅ ላይ ስላደሩት ጎረቤቶች ስጠይቃቸው ግን "እሱንማ ነገርኩህ እኮ ልጄ" ብለው ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ምክሬ አጭር ነው። ከማስተካከያው በፊት ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ ለብቻ ቅዱ። ማይክሮፎኑን አቅርቡ። የተዘጋጀ አማራጭ ስትመርጡ ለየትኛው ቋንቋና ለምን ዓይነት ዝግጅት እንደተሠራ ጠይቁ። መብራቱን ከማየት ይልቅ ርካሽ ማዳመጫ ገዝታችሁ ታክሲ ውስጥ ስሙት። መምህራኖቻችንም ስህተት ያገኙብኝ እንደሆነ ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።